የሰርጋችን ባሩድ

ሽማግሌ የላክሁት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጡረተኛ የታክሲ ነጂ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከእኔ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ጓደኛዬ ነው። በዕድሜው ሽማግሌ ስላልሆነ፣ ሽማግሌ የሚያስመስለው ሰፊ ኮት ተውሶ ለብሶ ነበር። እኔ እንደ ወጉ አልገባሁም። ፍራንክፈርት ዳር፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈር የእጮኛዬ ወላጆች ከሚኖሩበት ረጅም ፎቅ በታች፣ ብስክሌት የሚታሰርበት ቦታ ቆሜ ጫማዬን እያየሁ ጠበቅኋቸው።

ሲወርዱ ፊታቸው አላማረኝም።

«እምቢ አሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ ሰጥተውሃል» አሉ የታክሲ ነጂው። «እናትየዋም ደስ ብሏቸዋል፤ ዶሮም በልተናል። ግን አባትየው ባሩድ ይፈልጋሉ።»

«ምን?»

«ባሩድ። ጥቁሩን፣ የጥንቱን።»

ጓደኛዬ ኮቱን እያወለቀ፣ «ጥሎሽ ወርቅ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቀሚስ ሲባልም ሰምቻለሁ። ባሩድ ሲባል ግን ገና ዛሬ ነው» አለ።

በኋላ እንደተረዳሁት አማቴ ባሩዱን እንዳመጣላቸው አልፈለጉም። የፈለጉት አብሬያቸው እንድፈልግ ነበር። እሳቸው ወደ ጀርመን የመጡት ተማሪ ሆነው ነው። አገር ቤት ነገር ሲበላሽ እዚሁ ቀሩ፤ የውኃ ፓምፕ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። የተጋቡት በማዘጋጃ ቤት ነው። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቅ የተገኘ የማያውቁት ሰው ነበር። «ፈርመን ወጣን፤ ትራም ተሳፈርን» ይላሉ። «ኮሽ ያለ ነገር የለም። ትራሟ እንኳ ደወል አልደወለችም።» እሳቸው በተወለዱበት አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ይተኮሳል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ እርፉን ይዞ ቀና ይልና «የእገሌ ልጅ ተዳረች» ይላል። አንድ ቀን በቴሌቪዥን፣ ላባ ያለው ባርኔጣ ያደረጉ ጀርመኖች በሰርግ ላይ አጭር ወፍራም ነገር ወደ ሰማይ አንሥተው ሲያጮሁ አዩ። ቦለር ይባላል። ጥይት የለውም፤ ባሩድና ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ልጃቸውን በዝምታ ላይድሩ ቆረጡ።

እጮኛዬ እዚሁ ፍራንክፈርት ነው የተወለደችው። በአማርኛ ስታወራት በጀርመንኛ ትመልስልሃለች። ነገሩን ስነግራት ግን በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ስትናደድ እንዲያ ናት። «ዲጄ ይዘናል እኮ» አለች። «ድምፅ ከሆነ ዲጄ አለ።»

የመጀመሪያው ፍለጋ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ወዳለ የሐበሻ ሱቅ ወሰደን። አማቴ እዚያ የሄዱት ባሩድ ይሸጣል ብለው አይደለም፤ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች የማያውቁት ነገር ስለሌለ ለመጠየቅ ነው። ሰው ሞልቶ ስለነበር «ባሩድ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ማውጣት አሳፈራቸው። ወደ ባለሱቋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያ ጥቁሩ ዱቄት የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ?» አሏት በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰቀል አደረገች። «ለምንድን ነው የፈለጉት አባቴ? ለስኳር ነው ወይስ ለግፊት?»

«ለተኩስ» አሉ አሁንም በሹክሹክታ።

«ለትኩሳትማ ፍቱን ነው። በማር ለውሰው ጠዋት ጠዋት ይውሰዱት። ይማርዎት።»

በእጃቸው የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ በላስቲክ አስጨበጠቻቸው። ሂሳቡንም አልቀበል አለች፤ ለታመመ ሰው አልሸጥም ብላ። አማቴ መንገድ ላይ ወጥተን ላስቲኩን ከፍተው አሸተቱ። «ቢያንስ መልኩ ትክክል ነው» አሉ። አዝሙዱ በኋላ የባለቤታቸው ድፎ ዳቦ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ወደ ጦር መሣሪያ መሸጫ ሄድን። ከከተማው ወጣ ያለ ጸጥ ያለ ሱቅ ነው፤ ግድግዳው ላይ የአጋዘን ቀንድ፣ ከባንኮኒው ኋላ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ ሽበታም ሰውዬ። አማቴ ጀርመንኛቸው እንደ መጽሐፍ ነው። ካባ የደረቡ ያህል ቀጥ ብለው ጥቁር ባሩድ ሊገዙ መምጣታቸውን ተናገሩ።

«ፈቃድ አለዎት?» አለ ሰውዬው።

እኔ ለመርዳት ብዬ፣ «መንጃ ፈቃድ አለኝ» አልኩት።

አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። ልጃቸውን ስለሰጡኝ የተጸጸቱበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ሰውዬው ታጋሽ ነበር። ባሩዱ እዚያው ከኋላ ተቆልፎ እንዳለ፣ ነገር ግን ለማንም ብድግ ተደርጎ እንደማይሸጥ አስረዳን። መጀመሪያ ገዢው ወንጀል የሌለበት መሆኑ ይጣራል፤ ከዚያ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ፈቃድ ያወጣል፤ የሚያስቀምጥበትንም ቦታ ያሳያል። ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደሚፈልገው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

«ምክንያት አለኝ» አሉ አማቴ። «ልጄን ልድር ነው።»

«ለእሱ ቀለበት ይበቃል» አለ ሰውዬው።

«ማየት ብቻስ? ከአገሬ ከወጣሁ አይቼው አላውቅም።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ሆኖም ከከተማው በስተሰሜን ባለች መንደር በየበዓሉ ቦለር የሚተኩሱ ሰዎች ማኅበር እንዳላቸው ነገረን። ማኅበርተኛ መሆን በቂ ምክንያት ነው። ስንወጣ አማቴን በር ድረስ ሸኛቸውና፣ «ልጅዎ ግን አትቸኩል» አላቸው።

ማኅበሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩት፤ ሁሉም አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ፣ ብዙዎቹም ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሊቀ መንበሯ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ነበረች። አማቴ ታሪካቸውን ሲነግሯት፣ ስለ ወንዙና ማዶ ስለሚሰማው ሰው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የእኛም አያቶች ለዚሁ ነበር የሚተኩሱት፤ አሁን ግን ሰው ሁሉ ለጩኸቱ ስሞታ ብቻ ነው የሚያቀርበው» አለች። በዚያው ቀን ላባ ያለው ባርኔጣ ሰጡዋቸው። ለአማቴ ጭንቅላት ትንሽ ጠበብ ስለሚል ቀጥ ብለው ካልሄዱ ይወድቃል። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ በጣም ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት።

ሰርጉ ተላለፈ። እጮኛዬ ቬስትኤንድ ሰፈር ካለው ቢሮዋ እየደወለች፣ «ሌላዋ ሙሽራ አዳራሽ ነው የምትጠብቀው፤ እኔ የአባቴን ፈተና እጠብቃለሁ» ትለኝ ነበር። አማቴ መመሪያውን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ከበላን በኋላ እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመልሳሉ። ባሩድ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም። ሰው በሚኖርበት ክፍል አይቀመጥም። እሳት ባለበት፣ ብልጭታ በሚያመጣ ነገር አጠገብ፣ ቶሎ ከሚቀጣጠል ነገር ጋር አይደረግም። ይቆለፋል፤ ቁልፉንም ሌላ ሰው አይዝም። አማቴ ይህን የመጨረሻውን ሲሉ ሁልጊዜ ባለቤታቸውን በአንድ ዓይናቸው ገለጥ አድርገው ያዩ ነበር። ባለቤታቸው በዚያ ቤት የማይዙት ቁልፍ ስላልነበረ ነው።

በልምምድ ቀን ወደ መንደሩ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ፈቃዳቸው ገና ስላልወጣ የሚተኩሱት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ እኛ የተፈቀደልን ሲጨርሱ ቦለሩን መወልወል ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት እስኪወጣልን ወለወልን። ጭሱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ጥቀርሻው ጥፍር ውስጥ ይገባል። አማቴ ጣታቸውን እያሸተቱ፣ «ይኼ ነው፤ ልክ ይኼው ነው» ይላሉ። እኔ ቤቴ ስገባ እጄን ታጠብኩ፤ ጃኬቴን ግን አልቀየርኩም።

በማግሥቱ የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ በሚገባበት በር አንዳንዴ እጅህንና ልብስህን በትንሽ ጨርቅ ይጠርጉና ጨርቁን ፈንጂ የሚያሸት ማሽን ውስጥ ያስገባሉ። ሁልጊዜ ማሽኑ ዝም ነው የሚለው። የዚያን ቀን ጮኸ። ከምትፈትሸኝ ልጅ ጋር ዘወትር እንሳሳቃለን፤ ጨርቁን ቀየረችና ደገመች። ማሽኑም ደገመ። ከኋላዬ የተሰለፈው ጓደኛዬ፣ ያ ኮት ተውሶ ሽማግሌ የሆነኝ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሌላኛው ሰልፍ ሄደ።

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወደ ጎን ክፍል ወሰዱኝ። «ትናንት ምን ነክተሃል?» አለኝ ትልቁ።

«ባሩድ» አልኩት። ውሸት አልችልበትም።

«ለምን?»

«ላገባ ስለሆነ።»

ተያዩ። ሰብሰብ አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ጀርመንኛዬ ግን በድንጋጤ አብሮኝ አልገባም፤ ሰልፉ ላይ ቀርቷል። ስለ ወንዙ ጀመርኩ፣ የጥርስ ሐኪሟን አነሣሁ፣ ላባውን በእጄ አሳየሁ። ፖሊሱ መጻፉን አቆመ። በመጨረሻ አማቴ ጋ እንዲደውል ለመንኩት። ደወለ፤ ድምፁንም ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው።

ማንም ሌላ አባት ቢሆን «አዎ፣ ከእኔ ጋር ነበር» ብሎ ይጨርሰዋል። አማቴ ግን ለፈተና እየተዘጋጁ ነበር። ከሕጉ መጀመሪያ አንቀጽ ተነሡ። ማን መያዝ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል፣ እኔ የነካሁት ጥቀርሻ እንጂ ባሩድ አለመሆኑን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እየዘረዘሩ ሄዱ። ፖሊሱ ሁለት ጊዜ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃል» አለ፤ አልሰሙትም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ውኃ ሊጠጣ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ አማቴ የእርጥበትን ጉዳይ እያብራሩ ነበር። ማኅበሩን ደውለው አረጋገጡ፣ ጃኬቴን በላስቲክ አሰሩልኝ፣ ለቀቁኝም። አለቃዬ ብቻ ለረጅም ጊዜ ባየኝ ቁጥር «ቡም» ይለኝ ነበር።

አማቴ በስልክ ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ማሽኑ እንዴት ብሎ ነው የጮኸው?» አሉኝ።

«በጣም ነው የጮኸው ጋሼ።»

«እንግዲያው ባሩዱ ጥሩ ባሩድ ነው» አሉ፤ ደስታቸው በስልኩ ይሰማ ነበር።

ፈተናውን አለፉ። አሁን የቀረው ማስቀመጫው ነው። ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ቤቱን የሚያይ ሰው ላከ። ልጅ እግር፣ ሥርዓት ያለው፣ ሜትር የያዘ ሰው ነው። አማቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩን ከፈቱለት። እኔና እጮኛዬ ለማንኛውም ብለን ተገኝተናል። ባለቤታቸው ደግሞ ሳንቡሳ ጠብሰዋል።

ሰውዬው በሥራ ላይ ምንም መቀበል እንደማይፈቀድለት በትሕትና ተናገረ። ባለቤታቸው ይህን የሰሙት እንደ መግደርደር ነው። ሳህኑን አስጠግተው «በሞቴ» አሉት።

ሰውዬው ወደ እጮኛዬ ዞረ። «ምን አሉ?»

እጮኛዬ ቃል በቃል ተረጎመችለት። «በሞቴ እያለች ነው።»

ሰውዬው ሜትሩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ባሩድ ሊቀመጥ ወደታሰበበት ቤት ገብቶ የመጀመሪያው የሰማው ቃል እሱ ነው። አማቴ ጣልቃ ገብተው ነገሩ የፍቅር መሆኑን እስኪያስረዱ ድረስ ሳንቡሳው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ቤቱን ዞርን። ወጥ ቤት እሳት አለ። መኝታ ቤት ሰው ይኖርበታል። ኮሪደሩ ማምለጫ ነው። ኬለሩ፣ ማለትም ምድር ቤቱ፣ የጎረቤቶች ሁሉ ነው። ሰውዬው እያዘነ ያልፋቸዋል። አማቴ ግን ያሰቡት ቦታ ነበራቸው፤ የእንግዳ መጸዳጃ ቤቱን በር ከፈቱና፣ «እዚህ ሰው አይኖርም» አሉ።

ሰውዬው አሰበ። ደንቡ መጸዳጃ ቤትን በስም እንደማያነሣ አመነ። «ማን ይጠቀምበታል?»

«አልፎ አልፎ፣ እኔ» አሉ አማቴ።

«አልፎ አልፎ?» አሉ ባለቤታቸው ከኋላ። እሳቸው ጀርመንኛ ብዙ ባይናገሩም ሁሉን ይሰማሉ። «ልጄ፣ ንገሪው። ጋዜጣ ይዞ ከገባ እኔ ምሳ ሠርቼ፣ በልቼ፣ ዕቃ አጥባለሁ። እዚያ ካልኖረ የት ነው የሚኖረው?»

እጮኛዬ ይህንንም ተረጎመች። ሰውዬው በሩን ራሱ በቀስታ ዘጋው።

የቀረችው ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለች መስኮት የሌላት ጠባብ የዕቃ ማስቀመጫ ነች። በርዋ ብረት ነው፣ ይቆለፋል፣ ማሞቂያም አያልፍባትም። ሰውዬው ገብቶ ለካ፤ ፊቱ ፈካ አለ። ከዚያ ታች መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቅ ጀሪካን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የአገር ቤት ዐረቄ ነው» አለች እጮኛዬ። «ለሰርጉ አክስቴ የላከችው።»

«ይቀጣጠላል?»

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤታቸው ግን ጥያቄው የእኅታቸውን ሙያ የሚመለከት መሰላቸውና ደረታቸውን ነፉ። «እንዴታ! ክብሪቱን ገና ከሩቅ ሲያይ ነው ቦግ የሚለው።»

ሰውዬው እጮኛዬ ተርጉማ እስክትጨርስ ጠበቀና ሁለቱ አንድ ላይ ፈጽሞ ሊቀመጡ እንደማይችሉ ተናገረ። ወይ ባሩዱ፣ ወይ ዐረቄው። ዐረቄው ከወጣ ተመልሶ መጥቶ ያያል።

«ዐረቄው ቀድሞ ነው የገባው» አሉ ባለቤታቸው። ሰውዬው ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።

 አማቴ ለቀናት ባርኔጣቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው በመጨረሻ አላስቻላቸውም። «እሺ፣ ይጠጣ» አሉ። «ለሰርጉ ሌላ ትልካለች።» የሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳ ላይ ሰው ተጠራ። የታክሲ ነጂው መጡ፣ ጓደኛዬ በራሱ ኮት መጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ከመንደሯ በባቡር መጣች። የመጀመሪያውን መለኪያ ቀምሳ መንጋጋዋን በእጇ ያዘችና፣ «ይህ በሥራ ዘመኔ ቢኖረኝ ኖሮ ማደንዘዣ አልገዛም ነበር» አለች። ጀሪካኑ ተገለበጠ። የታክሲ ነጂው ሲወጡ ለሊፍቱ በር ደኅና ዋል ብለውታል።

ባለሜትሩ ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ፈቀደ። እኔና አማቴም ወደዚያ ጸጥ ያለ ሱቅ ተመለስን። ሽበታሙ ሻጭ አውቆን ፈቃዱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየና፣ ቆርቆሮውን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አማቴም በሁለት እጃቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። መኪና ውስጥ ሣጥን አዘጋጅተውለት ነበር፤ ሣጥኑን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለት። የራሳቸውን ቀበቶ የረሱ መሆናቸውን መኪናው እየጮኸ ነው ያስታወሳቸው። ብስክሌቶች እስኪያልፉን ድረስ በዝግታ ነዳሁ።

ለሰርጉ ዳር ከተማ፣ አጠገቡ ሰፊ ሜዳ ያለው አዳራሽ ተከራየን። ለተኩሱ ፈቃድ ወጣ፣ ለአካባቢው ሰው ተነገረ። አማቴ ደግሞ ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ነገር አደረጉ። ከእንግዶቻችን መካከል ከጦርነት የወጡ፣ ከኤርትራም ከእኛም ወገን፣ ብዙ ነበሩ። ከሰርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ለእያንዳንዱ ራሳቸው እየደወሉ፣ «ድምፅ ይኖራል። የደስታ ነው። ካልወደድከው አዳራሹ ውስጥ ሁን፤ ሲያበቃ እኔ ራሴ መጥቼ እጠራሃለሁ» አሏቸው። በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ የገቡም ነበሩ። አማቴ ሲያበቃ ሊጠሯቸው የእያንዳንዳቸውን ስም ያዙ።

ያልተነገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቪዲዮ አንሺው። ሁላችንም ሌላው የነገረው መስሎን ነበር።

ባለቤቴ ነጭ ለብሳ ከመኪናው ስትወርድ የማኅበሩ ሰዎች በሜዳው ላይ ተሰልፈው ነበር፤ አረንጓዴ ሰደርያ፣ ላባ፣ የሚያም ጉልበት። ከዳር አማቴ ቆመዋል፤ በሰደርያቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ ጆሮአቸው ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ትልልቅ ቢጫ መከላከያ አድርገው። ሊቀ መንበሯ ክንዷን አነሣችና ጣለች።

ተኮሱ። ነጭ ጭስ ሜዳውን ሸፈነው፣ ዳክዬዎች ከጅረቱ ብድግ አሉ፣ ቆመው የነበሩ መኪናዎች ሁሉ አንድ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። እስከ ዛሬ የሰርጋችን ቪዲዮ ላይ ባለቤቴ ፈገግ ስትል ይታያል፤ ከዚያ ሰማይ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ የአንድ ሰው ጫማ።

ጭሱ ሲገለጥ አማቴ ባርኔጣቸው ወድቆ እዚያው ቆመዋል። ሮጬ ሄድኩ። መከላከያውን አወለቁና፣ «ተሰማ?» አሉኝ።

«ተሰምቷል ጋሼ።»

«እስከ የት?»

ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ደረሰች። «እስከ መሐል ከተማ» አለቻቸው፣ በአማርኛ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው መከላከያውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «እኔ እኮ አልሰማሁም» አሉ። «ይኼ ነገር በጣም ጥሩ ነው የሚሠራው። በሩቁ በር የተዘጋ ያህል ብቻ ነው።»

ያለ መከላከያ መተኮስ አይቻልም፤ ደንቡን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም አልተከራከረም። ሊቀ መንበሯ ግን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ጥቂት አሰበች። «ተኳሽ መከላከያ ማድረግ አለበት» አለች። «ራቅ ብሎ የቆመ አባት ግን አይገደድም።» ቦለሩን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ እንግዶቹ አመለከተቻቸው።

አማቴ ሜዳውን አቋርጠው ሄደው ባለቤታቸው አጠገብ ቆሙ፤ ባዶ ራሳቸውን፣ ባዶ ጆሮአቸውን። ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ። ሊቀ መንበሯ ብቻዋን ሜዳው መሐል ገብታ፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ አንድ ጊዜ ተኮሰች።

ድምፁ ከፎቆቹ ጋር ተላትሞ ተመለሰ፣ እንደገናም ሄደ። አማቴ ወዲያ ማዶ፣ ወደ መኖሪያ ፎቆቹ ሲያዩ አየሁዋቸው። በአንደኛው በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ቀና አለች።

«አየሻት?» አሏቸው ባለቤታቸውን። «ሰማች እኮ።»

«ሰማች» አሉ ባለቤታቸው። «በል ና ግባ፤ ክትፎው እንዳይበርድ።»